ፈረሱ ጂ5 ላይ ሲያርፍ፦ የሁለቱ ፈረሶች መከላከያ በወጣቶች ቼዝ

በወጣቶች የቼዝ ውድድር ላይ ገና ከመጀመሩ የሚያልቅ ጨዋታ አይጠፋም። ሌሎቹ ልጆች ጠረጴዛቸው ላይ አቀርቅረው እያሰቡ ነው። አንዱ ግን ቀድሞ ተሸንፎ እርምጃዎቹ የተጻፉበትን ወረቀት ይፈርማል። ያን ወረቀት ብታነቡት ታሪኩ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ነጩ ፈረሱን ጂ5 ላይ አሳረፈ። ጥቁሩ የተበላበትን ወታደር ቶሎ ልመልስ አለ። ከዚያ ንጉሡ ሰሌዳው መሃል ወጥቶ ቀረ።

ይህ የሚሆነው የሁለቱ ፈረሶች መከላከያ በሚባለው አከፋፈት (የጨዋታ መጀመሪያ አካሄድ) ውስጥ ነው። ከአራተኛው እርምጃ ጀምሮ እሳት ነው። ልጆች ይወዱታል፤ ይፈሩታልም። እኔም በጣም እወደዋለሁ። ቼዝ ላይ ጊዜ የሚባለው ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ አጥርቶ የሚያሳይ አከፋፈት ለልጅ አላገኘሁለትም። ሰሌዳ ካላችሁ አውጡና አብረን እንየው።

መጀመሪያ የቤቶቹን አጠራር እንስማማ። ነጩ ከተቀመጠበት በኩል ሲታይ ዓምዶቹ ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ናቸው። ረድፎቹ ከነጩ ጀምሮ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። የነጩ ንጉሥ ኢ1 ላይ፣ የጥቁሩ ኢ8 ላይ ይነሳል።

ጨዋታው እንዲህ ይከፈታል። ነጩ የንጉሡን ወታደር ወደ ኢ4 ይገፋል፤ ጥቁሩም ወደ ኢ5። ነጩ ፈረሱን ኤፍ3 ላይ ያወጣና የኢ5ን ወታደር ያስፈራራል። ጥቁሩ ፈረሱን ሲ6 ላይ አውጥቶ ይጠብቀዋል። ነጩ ጳጳሱን ሲ4 ላይ ያስቀምጣል። በዚህ ጊዜ ጥቁሩ ሁለተኛውን ፈረስ ኤፍ6 ላይ ያወጣል። የመከላከያው ስም የመጣው ከእነዚህ ሁለት ፈረሶች ነው።

እስካሁን ሁሉም ሰላም ነው። በአራተኛው እርምጃ ግን ነጩ ምርጫ አለው። ተረጋግቶ ወታደሩን ወደ ዲ3 መግፋት ይችላል። ዛሬ ትልልቆቹ ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ይህንን ነው። ልጆች ውድድር ላይ ግን አብዛኛው ዓይን ሌላ ቦታ ነው፤ ኤፍ7 ላይ።

ለምን ኤፍ7? ጨዋታ ሲጀመር ይህን ወታደር የሚጠብቀው ንጉሡ ብቻ ነው። ሌሎቹ ወታደሮች ወይ ፈረስ፣ ወይ ጳጳስ፣ ወይ ንግሥት፣ ወይ ግንብ ይደርስላቸዋል። ኤፍ7 ግን ከንጉሡ በቀር ዘመድ የለውም። የሲ4 ጳጳስ ደግሞ ከሩቅ ሆኖ እሱኑ ያነጣጥራል። ስለዚህ ነጩ ያንኑ የኤፍ3 ፈረስ እንደገና ያንቀሳቅስና ጂ5 ላይ ያሳርፈዋል። አሁን ኤፍ7ን የሚያጠቁት ሁለት ናቸው። የሚጠብቀው አንድ።

ይህ እርምጃ ተቃዋሚ አጥቶ አያውቅም። ሌሎቹን መሣሪያዎች (ፈረስ፣ ጳጳስ፣ ግንብ፣ ንግሥት) አውጥተህ ሳትጨርስ አንዱን ሁለቴ አታንቀሳቅስ የሚለውን የመጀመሪያ ትምህርት በግልጽ ይጥሳል። ታዋቂው የጀርመን ተጫዋችና አስተማሪ ሲግበርት ታራሽ የጀማሪ እርምጃ ነው ብሎ ንቆታል። ሆኖም እርምጃው እስከ ዛሬ ይኖራል፤ ምክንያቱም ማስፈራሪያው እውነተኛ ነው። ጥቁሩ ካስል ላድርግ (ንጉሡንና ግንቡን በአንድ እርምጃ አንቀሳቅሼ ንጉሡን ላስጠልል) እንዳይል የኤፍ8 ጳጳሱ ገና መንገዱን ዘግቶ ተቀምጧል። ኤፍ7ን በሌላ መሣሪያ ልጠብቅ ቢልም በአንድ እርምጃ የምትደርሰው ንግሥቷ ብቻ ናት፤ እሷም ወታደሩን አታድነውም። ያለው አማራጭ የሲ4ን ጳጳስ መንገድ መዝጋት ነው። ወይም እንደ እብድ በመልሶ ማጥቃት መግባት ነው። ወደዚያኛው ኋላ እንመጣለን።

የተለመደው መልስ ወታደሩን ወደ ዲ5 መግፋት ነው። የጳጳሱ መስመር ተዘጋ። ነጩ በኢ4 ወታደሩ ዲ5ን ይበላል። ጨዋታው የሚወሰነው እዚህ ነው። አምስተኛው እርምጃ ላይ ነን፤ ተራው የጥቁሩ ነው።

ሰሌዳውን ልብ ብላችሁ እዩት። ነጩ አንድ ወታደር ቀድሟል። ያ ዲ5 ላይ የቆመው ወታደር ደግሞ የጥቁሩን የሲ6 ፈረስ እያስፈራራ ነው። የልጅ እጅ ወዴት ይሄዳል? የኤፍ6 ፈረስ ዲ5ን መብላት ይችላል። ወታደሩ ይመለሳል፣ ፈረሱ መሃል ላይ አምሮ ይቀመጣል፣ ሲ6ም ከአደጋ ይወጣል። ሦስት ጥቅም በአንድ እርምጃ! አብዛኛው ልጅ ሰከንድ እንኳ ሳያስብ ይበላዋል።

የሚቀጥለውን ቀስ ብለን እንሂድበት። ነጩ የጂ5 ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ይሠዋል። ፈረሱ እዚያ ቆሞ ንግሥቷንና የኤች8ን ግንብ በአንድ ጊዜ ያጠቃል፤ ስለዚህ ንጉሡ ሳይወድ በግዱ ይበላዋል። አሁን የጥቁሩ ንጉሥ ኤፍ7 ላይ ወጥቷል። ነጩ ንግሥቱን ወደ ኤፍ3 ያመጣና ቼክ ይላል፤ ንጉሡን አስፈራራ ማለት ነው። ይህች ንግሥት ሁለት ሥራ ትሠራለች። በኤፍ ዓምድ ንጉሡን ታጠቃለች፤ በሰያፍ ደግሞ የዲ5ን ፈረስ ታያለች።

ንጉሡ ወደ ቤቱ ለመመለስ ጂ8 ላይ ቢሸሽ አለቀለት። ጳጳሱ ዲ5ን በቼክ ይበላል። ንግሥቷ ጳጳሱን ብትበላ የነጩ ንግሥት እሷን ትበላለች፤ እንደገና ቼክ። በመሃል ጳጳስ ቢያስገባ ኢ6 ላይ ትበላዋለች፤ ቼክ ሜት። ንጉሡ በገዛ ወታደሮቹና በገዛ ግንቡ ታፍኖ ያልቃል። ስለዚህ ፈረሱን ላድን የሚል ጥቁር ያለው መንገድ ንጉሡን ወደ ፊት፣ ወደ ኢ6 ማውጣት ነው። በስምንተኛው እርምጃ ነጩ ሁለተኛውን ፈረስ ሲ3 ላይ ያወጣል። አሁን ዲ5 ላይ ያለውን ፈረስ የሚያጠቁት ሦስት ናቸው፦ ጳጳሱ፣ ንግሥቷና አዲሱ ፈረስ። ፈረሱ ደግሞ መሸሽ አይችልም፤ ከተነሳ ጳጳሱ ንጉሡን ያገኘዋል።

ይህ ጥቃት የተጠበሰ ጉበት በሚል ስም ይታወቃል። ከ1600 ዓመት አካባቢ ጀምሮ በጣሊያኖች የጨዋታ ማስታወሻ ውስጥ ይገኛል፤ ከጣሊያናዊው ተጫዋች ከፖሌሪዮ ስም ጋር ተያይዞ ይነሳል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ጥቁሩ ወዲያው ቼክ ሜት አይሆንም። የሲ6ን ፈረስ ቢ4 ላይ አውርዶ ዲ5ን ሊጠብቅ፣ ሲ2ንም ሊያስፈራራ ይችላል። ነጩ አንድ ፈረስ ሰጥቶ ስለሚጫወት መጠንቀቅ ያለበት እሱ ነው የሚል ሰውም አለ። የዛሬ የቼዝ ሞተሮች (ቼዝ የሚያሰሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች) ግን ነጩ በግልጽ እንደሚበልጥ ያሳያሉ። ሰዓት እየቆጠረበት፣ ንጉሡ ኢ6 ላይ ሆኖ፣ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ይህን ይከላከል ማለት ጭካኔ ነው።

ታዲያ ትክክለኛው መልስ ምንድን ነው? ወታደሩን አለመመለስ። ጥቁሩ የሲ6ን ፈረስ አንስቶ ኤ5 ላይ፣ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ያስቀምጠዋል። ለጀማሪ ዓይን ይህ ያስጠላል። ፈረስ ጠርዝ ላይ ደካማ ነው ተብሎ ተምሯልና። ነገር ግን ይህ እርምጃ ፈረሱን ከአደጋ ያወጣል፣ የሲ4ንም ጳጳስ ያስፈራራል። ኤፍ7ን ያስጨነቀው ጳጳስ አሁን ለራሱ መጨነቅ ጀመረ።

ነጩ ጳጳሱን ቢ5 ላይ አድርጎ ቼክ ይላል። ጥቁሩ ወታደሩን ወደ ሲ6 ገፍቶ ይዘጋል። የዲ5 ወታደር ሲ6ን ይበላል፤ የቢ7 ወታደር መልሶ ይበላዋል። ጳጳሱ እንደገና ተጠቃ። ወደ ኢ2 ይመለሳል። ጥቁሩ ወታደሩን ወደ ኤች6 ይገፋና የጂ5ን ፈረስ ያባርራል። ፈረሱ ወደ ኤፍ3 ይመለሳል። ጥቁሩ ወታደሩን ወደ ኢ4 ይገፋል፤ ፈረሱ አሁንም መሸሽ አለበት። ወደ ኢ5 ይዘላል።

እዚህ ጋ ቆም እንበልና የነጩን አሥር እርምጃዎች እንቁጠራቸው። አራቱን የተጫወተው አንድ ፈረስ ነው፦ ኤፍ3፣ ጂ5፣ ኤፍ3፣ ኢ5። ሦስቱን የተጫወተው አንድ ጳጳስ ነው፦ ሲ4፣ ቢ5፣ ኢ2። ቀሪዎቹ ሦስቱ ያው አንድ ወታደር ሰሌዳውን ሲያቋርጥ የሄደባቸው ናቸው፤ እሱም በመጨረሻ ተበልቷል። ነጩ በአሥር እርምጃ ያወጣው ሁለት መሣሪያ ብቻ ነው። ንግሥቱ፣ ሁለቱ ግንቦቹ፣ ሌላው ፈረስና ሌላው ጳጳስ ከቤታቸው ንቅንቅ አላሉም።

ጥቁሩስ? አንድ ወታደር አንሶታል። የኤ5 ፈረሱም ከጦርነቱ ርቋል። የግራ ክንፍ ወታደሮቹም ተበታትነዋል። በምትኩ መስመሮቹ ሁሉ ተከፍተዋል። አሁን ጳጳሱን ዲ6 ላይ ያወጣና ያንኑ የተንከራተተ ፈረስ አንዴ ይነካካዋል። ከዚያ ካስል ያደርጋል፣ ግንቡን ወደ ኢ8 ያመጣል፣ ንግሥቱን ወደ ሲ7 ያወጣል። ወታደሩን ሰጥቶ የገዛው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ለጥቃት ከተጠቀመበት ይተካከላል፤ አንዳንዴም ይበልጣል። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ግን ያነሰው ወታደር ጨዋታው መጨረሻ ላይ ዋጋ ያስከፍለዋል።

ይህ ክርክር መቶ ዓመት አልፎታል። የመጀመሪያው ይፋዊ የዓለም ሻምፒዮን ቪልሄልም ስታይኒትዝ የነጩ ወታደር ይበቃል ባይ ነበር። እንዲያውም ፈረሱ ከጂ5 ሲባረር ወደ ኤፍ3 ሳይሆን ወደ ኤች3፣ ወደ ጠርዙ ይሽሽ አለ። ሩሲያዊው ሚካኤል ቺጎሪን አልተስማማም። በ1890 እና በ1891 ሁለቱ በቴሌግራፍ እርምጃ እየተላላኩ ተጋጠሙ፤ በዚያ ግጥሚያ ቺጎሪን ጥቁር ይዞ ይህንኑ መከላከያ ተጫወተና አሸነፈ። የስታይኒትዝ ሐሳብ የሞተ መሰለ። በ1963 ግን አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር ያንኑ የኤች3 ፈረስ አውጥቶ የአገሩን ተጫዋች አርተር ቢስጋየርን ረታበት። ስለዚህ የጂ5 ፈረስ የሕፃናት ወጥመድ ብቻ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት።

ሌሎችም መንገዶች አሉ። በአምስተኛው እርምጃ ጥቁሩ ፈረሱን ከሲ6 ወደ ዲ4 ማዝለል፣ ወይም የቢ ወታደሩን ወደ ቢ5 መግፋት ይችላል። ሁለቱም ስል ናቸው፤ ሁለቱም ብዙ ጥናት ይፈልጋሉ። ለዛሬ እንለፋቸው።

አሁን ወደ እብዱ መልስ። ፈረሱ ጂ5 ላይ ሲያርፍ ጥቁሩ ኤፍ7ን ጭራሽ ችላ ብሎ ጳጳሱን ሲ5 ላይ ያወጣል። ብላው ማለቱ ነው። ይህ በካሬል ትራክስለር ስም ይጠራል። ትራክስለር የቼክ ተወላጅ የካቶሊክ ቄስ ነበር፤ የቼዝ እንቆቅልሽም ይደርስ ነበር። በ1890 ራይኒሽ ከሚባል ተጫዋች ጋር የተጫወተው ጨዋታ ሰሌዳ ላይ ተደርድሮ ሊታይ ይገባል።

ነጩ በፈረሱ ኤፍ7ን በላ፤ ንግሥቷና ግንቡ ተያዙ። ትራክስለር ዞር ብሎም አላያቸውም። ጳጳሱን ኤፍ2 ላይ ሠውቶ ቼክ አለ። የነጩ ንጉሥ አልበላም፤ ወደ ኢ2 ሸሸ። ፈረስ ዲ4፣ ቼክ። ንጉሡ ወደ ዲ3። ጥቁሩ ወታደሩን ወደ ቢ5 ገፋ፤ የነጩ ጳጳስ ወደ ቢ3 ሸሸ። ሁለተኛው ፈረስ ኢ4ን በላ። ነጩ በዚህ ጊዜ ንግሥቷን በላት።

ከዚህ በኋላ የነጩ ንጉሥ ትንፋሽ አላገኘም። ፈረስ ሲ5 ላይ ቼክ፤ ንጉሡ ወደ ሲ3። ሌላው ፈረስ ኢ2 ላይ ቼክ፤ የነጩ ንግሥት በላችው። ጳጳስ ዲ4 ላይ ቼክ፤ ንጉሡ ወደ ቢ4። ወታደር ኤ5፣ ቼክ፤ ንጉሡ የቢ5ን ወታደር በላ። ጳጳስ ኤ6፣ ቼክ፤ ንጉሡ የኤ5ን ወታደር በላ። ጳጳሱ ከኤ6 ተነስቶ ዲ3 ላይ ሲያርፍ ከኋላው የነበረው የኤ8 ግንብ ቼክ አለ። ንጉሡ ወደ ቢ4። ፈረስ ኤ6፣ ቼክ፤ ንጉሡ ወደ ኤ4። ፈረሱ ቢ4 ላይ ራሱን ሲሠዋ ግንቡ እንደገና ቼክ አለ። ንጉሡ ፈረሱን በላ። አሥራ ሰባተኛው እርምጃ፦ ወታደር ሲ5። ቼክ ሜት።

ንጉሡ ቢ4 ላይ ቆሟል። የኤ ዓምድን ግንቡ ይዞታል። ሲ4ንና ቢ5ን የዲ3 ጳጳስ ይዟቸዋል። ሲ3ን የዲ4 ጳጳስ ይዟል፤ ሲ5 ላይ ያለውንም ወታደር የሚጠብቀው እሱ ነው። ቢ3 ላይ የራሱ ጳጳስ መንገድ ዘግቶበታል። የነጩ ንግሥትና ሁለቱ ግንቦች ሰሌዳው ላይ አሉ፤ ምንም አልፈየዱም።

ይህን ያየ ልጅ በማግስቱ ውድድር ላይ መጫወት ይፈልጋል። ይገባኛል። ግን የነጩ መልስ በዚያ ጨዋታ ላይ ትክክል አልነበረም። ዛሬ የሚመከረው ኤፍ7ን በፈረስ ሳይሆን በጳጳሱ መብላት ነው። ጥቁሩ ንጉሡን ወደ ኢ7 ያወጣል፣ ካስል የማድረግ መብቱን ያጣል፤ ነጩ ጳጳሱን ወደ ቢ3 መልሶ አንድ ወታደር ይዞ ይቀጥላል። ሞተሮች እዚህ ነጩን ይመርጣሉ። ሰው ለሰው ሲሆን ጥቁሩ የኤፍ ዓምድ ለግንቡ ስለተከፈተለት አሁንም አደገኛ ነው። እንግዲህ የኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ለልጅ መጀመሪያ የኤ5ን ፈረስ አስተምሩት። ወታደር ሰጥቶ ጊዜ መግዛት ሌላም አከፋፈት ላይ ይጠቅመዋል። የትራክስለር መንገድ ግን እያንዳንዱን ቅርንጫፍ በቃል መያዝ ይጠይቃል፤ አንድ እርምጃ ከረሳ ንጉሡ ሜዳ ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ እጅ። በውድድር ደንብ የራሱን መሣሪያ ለመጫወት ብሎ የነካ ልጅ ያንኑ መጫወት አለበት። በአምስተኛው እርምጃ ላይ ይህ ሕግ ብዙዎችን ይጎዳል። የኤፍ6ን ፈረስ ጨብጦ ኤፍ7 ትዝ ቢለው ረፍዷል። ፈረሱ ወዴት ይሂድ? ዲ5ን ካልበላ ወደ ኢ4፣ ጂ4፣ ኤች5፣ ዲ7 ወይም ጂ8 ነው መሄድ የሚችለው፤ የትም ቢሄድ የሲ6 ፈረስ ከነስጋቱ ይቀራል። ስለዚህ አሠልጣኞች ነጩ ዲ5ን ሲበላ እጃችሁን ጭናችሁ ሥር አድርጉ ቢሉ እውነታቸውን ነው። ረዘም ባለ ውድድር ሰዓቱ ይበቃል። እዚህ ላይ ሁለት ደቂቃ የፈጀ ልጅ አልከሰረም።

ቤት ውስጥ ልምምዱ ቀላል ነው። ከአሥረኛው እርምጃ በኋላ ያለውን ቅርጽ ደርድሩ፤ የነጩ ፈረስ ኢ5 ላይ፣ የጥቁሩ ወታደር ኢ4 ላይ። ሁለት ልጆች እየተቀያየሩ ከዚያ ይጫወቱ። ጥቁር የያዘው ወታደሩን ለመመለስ ሳይሆን መሣሪያ ለማውጣት ይሞክር። ነጭ የያዘው ደግሞ ቶሎ ካስል አድርጎ የዲ ወታደሩን ይግፋ። የነጩን ወገን ማወቅ የግድ ነው። ፈረሱን ጂ5 ላይ እየወረወረ በትንሽ የዕድሜ ክልል ሲያሸንፍ የከረመ ልጅ ከፍ ሲል መልሱን የሚያውቅ ይገጥመዋል። ያኔ ፈረሱ ወዴት እንደሚመለስ ካላጠና ነጭ ይዞ ጥቁር የሆነ ያህል ይጨነቃል።

ይህ ሁሉ ግርግር ይቅርብኝ ለሚል ጥቁርም መውጫ አለ። በሦስተኛው እርምጃ ፈረሱን ኤፍ6 ላይ በማውጣት ፋንታ ጳጳሱን ሲ5 ላይ ያውጣ። ነጩ ያኔ ፈረሱን ጂ5 ላይ ቢያሳርፍ ከዲ8 እስከ ጂ5 ያለው ሰያፍ ክፍት ነው፤ የጥቁሩ ንግሥት በነጻ ትበላዋለች።